ሞተሬን ለክረምት ላስተኛት ነው፤ በየሳምንቱ ላስነሳት ወይስ ጭራሽ አልንካት?

ብርዱ_ገባ (ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ)

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ክረምት ስል የሐምሌውን ዝናብ አይደለም፣ የሚኒሶታውን ነው። ያንን ጺም ላይ በረዶ የሚሠራውን።

ሞተር የገዛሁት በዚህ ዓመት ሜይ ላይ ነው። ሆንዳ ሲቢ 500 ኤክስ፣ የ2015 ሞዴል። ከጎረቤቴ ሽማግሌ ነው የገዛኋት፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ታመው መንዳት አቆሙ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሞተር ሲያልፍ ከኋላው እሮጥ ነበርና ምኞቱ የቆየ ነው። በጋውን ሙሉ ከላይዋ አልወረድኩም ብል ይቀላል። ሥራ በእሷ፣ ቤተ ክርስቲያን በእሷ፣ እንዲያውም አንድ ቀን እንጀራ ልግዛ ብዬ ወጥቼ ስቲልዋተር ድረስ ሄጄ፣ ወንዙን ሳይ ውዬ፣ ያለ እንጀራ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ይህቺን እስከ ዛሬ ታነሳታለች።

አሁን ግን ነገር ተበላሸ። አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚህ ቅጠሉ ቀላ፣ ሁለት ሳምንት አማረ፣ ረገፈ። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ 34 ዲግሪ ፋራናይት ነበር፣ መቀመጫዋ ላይ ውርጭ ተኝቷል። ድልድዩ ላይ ስደርስ ጣቶቼ ፍሬኑን መያዛቸውን ያረጋገጥኩት በዓይኔ አይቼ ነው፣ በእጄ አይሰማኝም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። መቼ ነው በቃ የሚባለው? የቀን መቁጠሪያ አይቼ ነው ወይስ ሰማዩን?

ዋናው ደግሞ ይሄ ነው። ጋራዣችን ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው፣ ማሞቂያ ግን የለውም። ያሰብኩት በየእሁዱ ከቅዳሴ መልስ አሥር አሥር ደቂቃ እያስነሳሁ ላሞቃት ነው። አባቴ ቮልስ ነበረችው፣ ጠዋት ጠዋት ሳያሞቃት አይነካትም፣ «ሞተር ካልቀሰቀሱት ይሞታል» ይል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ፈረንጅ ደግሞ «እስከ ስፕሪንግ በጣትህ እንዳትነካት» አለኝ። ማንን ልስማ?

የአውሮራ_ልጅ (ኮሎራዶ)

ወንድሜ እንኳን ወደ ሞተረኞች ቤት በደህና መጣህ። እንጀራ ልግዛ ብሎ ጠፍቶ መምጣት የሁላችንም ታሪክ ነው፣ አትፈር።

እኛ ጋ ክረምቱ ይቀልድብሃል። ማክሰኞ አንድ ጫማ በረዶ ይጥላል፣ ዓርብ ፀሐይ ወጥቶ በቲሸርት ትሄዳለህ። ስለዚህ ጃንዋሪ ላይም የሚነዳ ሰው አለ። ተራራው ግን ቀልድ አያውቅም። ትሬይል ሪጅ ሮድ የሚሉት የተራራ መንገድ 12,183 ጫማ ድረስ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር ውስጥ ተዘግቶ እስከ ሜይ መጨረሻ ገደማ አይከፈትም። እሱ ሲዘጋ ለእኔ ዓመቱ አለቀ፣ የቀረው ሱቅ መመላለስ ነው።

ስለማስነሳቱ የሚያውቁ ይመልሱልህ። እኔ የምነግርህ ስለ አይጥ ነው። አትሳቅ።

የእኔ አሮጌ ሬብል 250 ናት፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያላት። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ላስነሳት ስል ትነሳና ታፍና ትጠፋለች። ካርቡሬተር ነው ብዬ ቅዳሜን ሙሉ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ፣ ያው ናት። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ያው። በመጨረሻ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ስከፍት ግማሹ ምስር ነው! ቀይ ምስር ክክ። ባለቤቴ ከአበሻ ሱቅ ያመጣችውን ከረጢት ጋራዥ አስቀምጣው ነበር፣ አይጧ ታችኛውን ጥግ በስታ በአየር መግቢያው እየተመላለሰች ክረምቱን ሙሉ ጎተራ ስትሞላ ከርማለች። ከመቀመጫዬ ስፖንጅ ቆርጣም አልጋ አንጥፋለች። ዐቢይ ጾም መግቢያ ስለነበር ስንቋን እያዘጋጀች ነው ብዬ ተውኩላት።

ምክሬ አጭር ነው። እህሉን ከጋራዥ አውጣ። የማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) አፍና የአየር መግቢያውን ድስት በምንፈትግበት ሻካራ ሽቦ ድፈን። አይጥ እሱን አታኝክም። ከዚያ ቁልፉ ላይ ወረቀት እሰርና «ሽቦ አለ» ብለህ ጻፍ። ያለዚያ ኤፕሪል ላይ በደስታ ሰክረህ ታስነሳታለህ።

ካቴና_ፍራንክፈርት

እኔ ጋ መቼ ይብቃ የሚለውን የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ ታርጋዬ ነው። ጀርመን ውስጥ ከ1997 ጀምሮ የወቅት ታርጋ የሚባል አለ። ቀኝ ጠርዙ ላይ ሁለት ቁጥር አለው፣ የእኔ ከላይ 04 ከታች 10 ይላል። ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ማለት ነው። ግብሩም ኢንሹራንሱም የሚታሰበው ለእነዚያ ወራት ነው። ኖቬምበር 1 ከገባ መንዳት ቀርቶ መንገድ ዳር አቁሞ መሄድም ክልክል ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ረስቼው ኦክቶበር 31 ማታ በ5 ሰዓት፣ ያውም በዝናብ፣ ከተማውን አቋርጬ ጋራዥ ለማድረስ ስሮጥ አስቡኝ። እኩለ ሌሊት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ሲል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ኦክቶበር 20 ሲሆን ልቤ መምታት ይጀምራል።

እውነቱን ለመናገር ግን እፎይታ አለው። ክርክር የለም። አንተ ጋ እንደዚህ ዓይነት ነገር ከሌለ ለራስህ አንድ መስመር አስምር፣ ያለዚያ «አንድ ቅዳሜ ብቻ» እያልክ በረዶ ላይ ታርፋለህ።

የእኔ ኤምቲ 07 የምትከርመው የምድር ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ኪራይ። መብራት ስለሌለው ቻርጀር መሰካት አልችልም። ባትሪውን ፈትቼ ቤት እወስደዋለሁ፣ ክረምቱን የሚያሳልፈው ሳሎን ውስጥ ከረከቦቱ ጎን ነው። እንግዳ ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ቡና እየጠጣን ስለ ባትሪ እናወራለን።

እሁድ_ሞቅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እኔ በአባትህ ወገን ነኝ። 4 ዓመት ሙሉ በየእሁዱ አሥር ደቂቃ አስነስቻታለሁ፣ ምንም አልሆነችም። ኢንተርኔት ላይ ሰው ያጋንናል። ደግሞስ ድምጿን ሳልሰማ አራት ወር እንዴት ይገፋል? ለእሷ ባይጠቅማት ለእኔ ይጠቅመኛል።

ጋሽ_ካንዴላ (ሚኒያፖሊስ)

ልጆች እንደምን ከረማችሁ። እኔ እዚህ ከተማ የገባሁት በፈረንጆቹ 80ዎቹ ውስጥ ነው፣ የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። አሁን ጡረታ ነኝ፣ ሞተሩን ግን አልተውኩም።

መጀመሪያ የአባትህን ነገር እንጨርስ። አባትህ ልክ ናቸው። አንተ ግን ግማሹን ነው ያየኸው። ቮልሷን አሙቀው ከዚያ ምን አደረጉ? ነዷት። ሥራ ሄዱባት፣ ዘይቱ ፈላ፣ ማርሚታው ጋለ። ብርዱም የአገራችን ብርድ ነው። አንተ ያሰብከው አሙቀህ መልሰህ ልታጠፋት ነው። ሁለቱ አንድ አይደለም።

ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ጋሎን ቤንዚን ተቃጥሎ የሚወጣው ውሃ ወደ አንድ ጋሎን ይጠጋል። መንገድ ላይ ስትሆን ሁሉም ነገር ስለጋለ እንፋሎት ሆኖ ይበናል፣ አታየውም። ጋራዥ ውስጥ ቆማ አሥር ደቂቃ ስትሠራ ግን ማርሚታው እስከ ጫፉ አይሞቅም፣ ዘይቱም ገና ነው፣ ራዲያተሩን ነክተህ ሞቅ ቢልህ እንኳ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ብረት ሲያገኝ መልሶ ውሃ ይሆናል። ማርሚታው ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ዘይቱም ውስጥ ይገባል። አንዴ ብታደርገው ግድ የለም። በየእሁዱ ለአምስት ወር ካደረግከው ግን ሃያ ጊዜ ውሃ አጠጣሃት ማለት ነው። ባትሪውም ያው ነው፣ ሞተሪኖው በብርድ ሲያስነሳ የሚበላውን ቆማ በአሥር ደቂቃ አትመልሰውም።

ቨርጂኒያ ያለኸው ልጄ፣ አልተጣላሁህም። ምንም አልሆነችም ብለሃል። አንድ ነገር አድርግልኝ፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈትና ውስጡን እይ። የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ከተለጠፈበት ውሃው ነው።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገርህ። ጋራዡ ከቤት ጋር የተያያዘ ነው አልክ። ይሄ ብቻውን ይበቃል። የውጭውን በር ብትከፍተውም ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። የከሰል ጭስ አገራችን ውስጥ ስንት ቤት እንደዘጋ ታውቃለህ፣ ይሄም ያው ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ልጆች ፎቅ ተኝተው አንተ ሞተር ልታሞቅ? ተወው።

መቼ ይብቃ ላልከው፣ በ1991 የሃሎዊን ዕለት የጀመረውን በረዶ አይቻለሁ። ሦስት አራት ቀን ጥሎ እዚህ ከተማ 28 ኢንች ቆለለብን። የአንድ ወዳጄ ሞተር ሥራ ቦታ ቆማ ቀረች፣ ከበረዶው ውስጥ የምትታየው መስታወቷ ብቻ ነበር። ስለዚህ ኖቬምበር እስኪገባ መጠበቅ ቁማር ነው። የእኔ ደንብ ግን በረዶ አይደለም፣ ጨው ነው። ከተማው መንገድ ላይ ጨው የረጨ ዕለት አበቃ። በረዶው ይቀልጣል፣ ጨው ግን የስፕሪንግ ዝናብ አጥቦ እስኪወስደው እዚያው ነው፣ ብሎኑንም ሰንሰለቱንም ራዲያተሩንም ይበላል። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ድልድይን ፍራ። ድልድይ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይይዛል። ጣትህ የደነዘዘበት ያ ድልድይ አንተን ሊጥልህም ይችል ነበር። 40 ዲግሪ ፋራናይት ላይ በ60 ማይል ስትሄድ ገላህ የሚያገኘው 25 ያህል ነው። ጎማውም ሲበርደው ይደርቃል፣ መንገዱን አይጨብጥም።

ማስተኛቱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሚጀምረው ከቤንዚኑ ነው። እዚህ ስቴት ተራው ቤንዚን ኢታኖል የሚሉት አልኮል አለበት፣ ኢታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ለወራት ሲቀመጥ ያስቸግራል። ነን ኦክሲ የሚሉት ኢታኖል የሌለበት አለ፣ ሁሉም ማደያ ባይኖረውም ብዙ ቦታ ታገኘዋለህ፣ ለሞተርና ለጀልባ የተፈቀደ ነው። ከመጨረሻው ጉዞህ ስትመለስ ቤትህ አጠገብ ካለው ማደያ፣ መጀመሪያ ቤንዚኑ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ማቆያ መድኃኒት ሰርባቶዮው (የቤንዚን ጋኑ) ውስጥ አፍስስ፣ ጠርሙሱ ላይ ለስንት ጋሎን ስንት እንደሆነ ተጽፏል፣ ከዚያ ቤንዚኑን እስከ አንገቱ ሙላ። ሲሰፋ እንዳይፈስ ትንሽ ቦታ ተውለት። ለምን ሙሉ? ባዶ ቦታ አየር ነው፣ አየር ውስጥ እርጥበት አለ፣ እርጥበቱ ብርድ ሲመታው ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። እንዲህ መድኃኒት የገባበትን ቤንዚን ይዘህ አሥራ አምስት ደቂቃ ንዳት፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ድረስ ይግባ።

ቤት እንደደረስክ ሞተሩ ሳይበርድ ዘይቱን ገልብጥ፣ ፊልትሮውንም ቀይር። ብዙ ሰው «ዘይቱ አሮጌ ነውና ስፕሪንግ ላይ እቀይረዋለሁ» ይላል። ግልባጩ ነው። ያገለገለ ዘይት ውስጥ ከቃጠሎው የመጣ አሲድና ውሃ አለ፣ እሱን አምስት ወር ኩሽኔታው ላይ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ከዚያ እጠባት፣ አድርቃት። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳና ቀባው። የራዲያተሩን ፈሳሽ አስለካ፣ የሽማግሌውን ጎረቤትህን አማኝነት አልጠራጠርም፣ ግን በጋ ላይ ጎሎባቸው ውሃ ብቻ ጨምረውበት ከሆነ የእኛ ጃንዋሪ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቀዋል።

ረዘመብኝ። የቀረውን ጠይቀኝ።

ብርዱ_ገባ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስለጻፉልኝ። የከሰሉን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ እሁድ እሁድ የማሞቁ ነገር በዚያው ተዘጋ።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። ባትሪውን ልፍታው ወይስ እዚያው ቻርጀር ይሰካ? የእኔ ሞተር የጎን መቆሚያ ብቻ ነው ያላት፣ ጎማው መሬት ላይ አምስት ወር ተጭኖ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ያሳፍራል። የላስቲክ ሸራ ላለብሳት ነበር፣ እናቴ የላከችልኝ አሮጌ ጋቢ ትዝ አለኝ። ይሆናል?

ጋሽ_ካንዴላ

ጋራዡ መብራት ካለው እዚያው ይሰካ። ግን ሲሞላ ራሱን የሚያቆመውን፣ ባትሪ ጠባቂ የሚሉትን ዓይነት ግዛ። ተራ ቻርጀር ለወራት ሰክተህ ከተውከው ያፈላዋል። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ለእሱ የተሠራውን ነው የምትገዛው። ዋናው ነገር ባዶ አይሁን። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሲሆን የሚኒሶታን ብርድ ይችላል፣ ሲራገፍ ግን ውስጡ ያለው ወደ ተራ ውሃ ስለሚጠጋ በረዶ ሆኖ ሳጥኑን ያፈነዳዋል። ካረፈ በኋላ ለክተህ 12.6 ቮልት ገደማ ካልሰጠህ ሙሉ አይደለም።

ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆየ እዚያ ጋ ጠፍጣፋ ይሆናል። የኋላ ማንሻ መቆሚያ ካገኘህ አንሳት። ካላገኘህ ነፋሱን ተለጣፊው ላይ እስከተጻፈው ሙላ፣ ጣውላ ወይም ቁራጭ ምንጣፍ ከሥሩ አንጥፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ስንዝር ግፋት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማድረግ ከፈለግክ ይህን አድርግ።

ጋቢው ከላስቲኩ ይሻላል! ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ጥጥ ይተነፍሳል። አንድ ችግር ነው ያለው፣ ጋቢ የአንተ ሞተር ብቻ ሳትሆን የአውሮራው ልጅ አይጥም ትወደዋለች።

ኢንሹራንሱንም አስብበት። የመንዳቱን ክፍል ለክረምት ቀንስልኝ ብለህ ጠይቅ፣ የስርቆቱንና የእሳቱን ግን እንዳታነሳ። ጋራዥ ውስጥ የቆመች ሞተር ትሰረቃለች፣ ያውም ተመችቷቸው።

እሁድ_ሞቅ

ክዳኑን ከፈትኩት።

ማኪያቶ ነው። ያውም ነጣ ያለ።

ጋሼ ይቅርታ። አሁን ምን ላድርግ?

ጋሽ_ካንዴላ

አትደንግጥ። ደረቅ ቀን ጠብቅና አንድ ሰዓት ሙሉ ጥሩ አድርገህ ንዳት፣ ውሃው ይበናል። እንደመጣህ በሙቁ ዘይቱን ቀይር። ቨርጂኒያ ስለሆንክ ዕድለኛ ነህ፣ ክረምት ላይም እንደዚያ ዓይነት ቀን ታገኛለህ። ከዚያ በኋላ ድምጿ ከናፈቀህ ስልክህ ላይ ቅዳ።

ሐይቁ_ዳር (ሐዋሳ)

እኔ ሳነብ ቆይቼ ሳቄ መጣ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሞተር ጋቢ ትለብሳለች? ባትሪ ሳሎን ቡና ይጠጣል? እኛ እዚህ በቦክሰር ዕቃ እናደርሳለን፣ ሐምሌና ነሐሴ ዋልካ ጭቃው ቸርኬውን እስኪይዘው እንነዳለን፣ እኛ ጋ ሞተር የምታርፈው ስትበላሽ ነው። ያኔም እኔ አላርፍም።

ግን እውነት ለመናገር እኔም ሳላውቀው አንድ ጊዜ ሞተር አስተኝቻለሁ። 2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል እዚያ ነበርኩ። በቃ ዘመድ ግቢ አቁሜ ሸራ ጣል አድርጌባት ሄድኩ። ቤንዚኗ ግማሽ ነበር፣ ዘይቱም እንዳለ። ዛሬ ይነሳል ነገ ይነሳል ስል ዓመት ሊሞላ ሲል መጥቼ ላስነሳት ብል ወይ ፍንክች። ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ እንደ ሙጫ ደርቋል። ሰርባቶዮውን በባትሪ መብራት ሳይ ታች ቤንዚን የነበረበት ደህና ነው፣ ከላይ ባዶ የነበረው በሙሉ ዝጓል፣ በመስመር የተለየ ይመስላል። ጎማዎቹ ተኝተው ጎናቸው ተሰነጣጥቋል። መካኒኩ የጠየቀኝን ስሰማ ልሸጣት ምንም አልቀረኝም። ጋሼ ሙላ ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ፣ ያኔ የመቶና የሁለት መቶ ብር ቤንዚን ብጨምርበት ኖሮ...

ለሰንሰለቱ ግን እኛ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው የምንቀባው። በነጻ ነው።

ጋሽ_ካንዴላ

አንተ ልጅ፣ ያንተን ሥራ እኔም ወጣት ሆኜ ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። የተቃጠለው ዘይት ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለ፣ እንደ ሞረድ ነው የሚፈገፍገው። አዲስ የማርሽ ዘይት፣ 90 ቁጥሩን፣ ትንሽ በጨርቅ አድርገህ ቀባ። ከጭቃ ከተመለስክ በኋላ መጀመሪያ እጠበው። ጥርሶቹ ዕድሜ ይጨምሩልሃል፣ ያቺ ቁጠባ ደግሞ ላንተ ገንዘብ ናት።

ካቴና_ፍራንክፈርት

@ብርዱ_ገባ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ስላላነሳው። ስትመለስ ያለውንም አስብ። ኤፕሪል ላይ ፀሐይ ታይና ትወጣለህ፣ መታጠፊያዎቹ ላይ ግን ክረምቱን የተረጨው አሸዋ አለ። እኔ የወደቅኩት ክረምት ላይ አይደለም፣ ኤፕሪል 3 ላይ ነው፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አንድ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት። ሰዉ ሁሉ ዳቦውን ይዞ ሲያየኝ። የተሰበረ ነገር የለም፣ ከመስታወቱና ከክብሬ በስተቀር። አምስት ወር ያልነዳ ሰው እጁም እግሩም ይረሳል፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ አዲስ ተማሪ ንዳ።

ብርዱ_ገባ

ሪፖርት ይዤ መጣሁ።

ቅዳሜ 44 ዲግሪ ይሆናል ሲሉ ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ትንበያው ላይ በሙሉ ሰማያዊ፣ ብርድ ነው። ባለቤቴን «የመጨረሻዬ ነው» አልኳት። «ባለፈው ሳምንትም የመጨረሻ ነበር» አለችኝ፣ ግን ሁለት ካልሲ አውጥታ ሰጠችኝ።

በ61 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ሬድ ዊንግ ላይ ቡና ጠጣሁ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ። ከዚያ ሌክ ፔፒንን በግራዬ አድርጌ ዋባሻ ድረስ፣ ሚሲሲፒ እዚያ ጋ ስለሚሰፋ ወንዝ ሳይሆን ሐይቅ ነው የሚመስለው። ዛፉ ሁሉ ባዶ ነው፣ ለዚህ ነው ንስሮቹ ቁልጭ ብለው የሚታዩት። አንዱ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እኔን አየኝ፣ እሱም ለብሷል እኔም ለብሻለሁ። ድልድዩን ተሻግሬ በዊስኮንሲን በኩል በ35 ቁጥር ተመለስኩ። በዚያኛው በኩል ፀሐይዋ ከፊት ለፊቴ ስለነበረች ትንሽ ሞቀኝ፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። በበጋው በዚህ መንገድ ስሄድ ሞተረኛ ከሞተረኛ ጋር እጅ ማንሳት ብቻ ነበር ሥራችን። ቅዳሜ ግን በአጠቃላይ ያገኘሁት ሁለት ሰው ነው። አንዱ እጁን ሳይሆን ራሱን ነው የነቀነቀልኝ። ገባኝ፣ እጅ ማንሳት በዚያ ብርድ ውድ ነው።

ቤት ሁለት ማይል ሲቀረኝ ነን ኦክሲውን ሞላሁ፣ መድኃኒቱን አስቀድሜ። ዘይቱን በሙቁ ገለበጥኩ፣ ጋሼ እንዳሉት። ግማሹን ጋራዡ መሬት ላይ፣ እሱን አልቆጥረውም። የራዲያተሩ ፈሳሽ ሲለካ ደህና ነው፣ ሽማግሌው ታማኝ ናቸው። እንዲያውም ሰንሰለቱን ስፈትግ መጥተው በአጥሩ ላይ ተደግፈው አዩኝ፣ «እኔም እንዲህ አድርጌላት አላውቅም» አሉ። የኋላ ማንሻውን መቆሚያ የራሳቸውን አመጡልኝ፣ ለካ ሲሸጡልኝ ረስተውት ነው። ባትሪ ጠባቂው አረንጓዴ መብራት ያበራል። ማርሚታውን በሽቦ ደፈንኩ፣ ምስሩም ሽሮውም ወደ ቤት ገባ። ጋቢውን እናቴ እንዳታውቅ።

ረቡዕ ሌሊት ጣለ። ጠዋት ስነሳ የጨው መኪናው በሰፈራችን ሲያልፍ ድምፁን ሰማሁት።

ቁልፉን «ሽቦ አለ» የሚለውን ወረቀት አስሬበት ለባለቤቴ ሰጠኋት። «ማርች ሳይገባ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አልኳት። ኤፕሪል ነው ብላለች፣ ገና እየተደራደርን ነው።

ሐይቁ_ዳር (ሐዋሳ)

እዚህ ዛሬ 27 ዲግሪ ነው። በሴንቲግሬድ።

ዝም ልበል መሰለኝ። ዕቃ ላድርስ።